የኢነርጂ ሽግግር ፖሊሲን እንዴት መመርመር ይቻላል? ከስትራቴጂው ሰነድ እስከ ምጣዱ

አንድ መንግሥት ወደ ዝቅተኛ ካርቦን ኢነርጂ እሸጋገራለሁ ሲል የሚያወጣው ሰነድ ብዙውን ጊዜ ወፍራም፣ በቀለም ያሸበረቀና በዓላማ የተሞላ ነው። ሰነዱን ያነበበ ሰው አገሪቱ የት መድረስ እንደምትፈልግ ይረዳል፤ ትደርስ እንደሆነ ግን ከዚያ ሰነድ ሊያውቅ አይችልም። ይህንን ለማወቅ ሌሎች ወረቀቶችን መክፈት ያስፈልጋል፤ እነሱም የጉምሩክ ታሪፍ ሠንጠረዥ፣ የኤሌክትሪክ ዋጋ ተመን፣ የማስተላለፊያ መስመሮች ካርታና የዓመቱ በጀት ናቸው። ይህ መመሪያ የተዘጋጀው ስለ ኢነርጂ ለሚዘግቡ ጋዜጠኞች፣ በዘርፉ የመመረቂያ ጽሑፍ ለሚያዘጋጁ ተማሪዎችና በየመሥሪያ ቤቱ ዕቅድ ክፍል ለሚሠሩ ባለሙያዎች ሲሆን፣ አንድ ፖሊሲ ከአዳዲስ ፈጠራዎች ጋር ተገናኝቶ ለውጥ ያመጣ እንደሆነ በምን ቅደም ተከተል መመርመር እንደሚቻል ያሳያል። ማሳያዬ በዋናነት ኢትዮጵያ ናት፤ ንጽጽር በሚያስፈልግበት ቦታ ደግሞ ዴንማርክን፣ ኖርዌይንና ኬንያን እጠቅሳለሁ።

መጀመሪያ ልቀቱ ያለበትን ቦታ ይለዩ

የመጀመሪያው ሥራ አገሪቱ ኢነርጂዋን ከየት እንደምታገኝና በካይ ጋዙ ከየት እንደሚወጣ መለየት ነው። ሥራው ቀላል ቢመስልም ብዙ ዘገባዎች የሚሳሳቱት እዚሁ ላይ ነው፤ ምክንያቱም «ኢነርጂ» እና «ኤሌክትሪክ» የሚሉትን ቃላት አንዱን በሌላው ቦታ ይጠቀሙባቸዋል። ደቡብ አፍሪካና ፖላንድ አብዛኛውን ኤሌክትሪካቸውን የሚያመነጩት ከድንጋይ ከሰል በመሆኑ የእነሱ ሽግግር የሚጀምረው ከማመንጫ ጣቢያው ነው። የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ ግን ከሞላ ጎደል ሁሉም ከውሃ፣ ቀሪውም በአብዛኛው ከነፋስ የሚገኝ ነው። በሌላ በኩል ከአገሪቱ ጠቅላላ የኢነርጂ ፍጆታ ዘጠኝ አሥረኛ የሚሆነው ማገዶ፣ ከሰል፣ ኩበትና የሰብል ተረፈ ምርት ነው። ስለዚህ «ኤሌክትሪካችን ንጹሕ ነው» የሚለው አባባል እውነት ቢሆንም፣ ስለ አገሪቱ ኢነርጂ የሚናገረው ጥቂቱን ክፍል ብቻ ነው።

እ.ኤ.አ. በ2011 ይፋ የሆነው የአየር ንብረት ለውጥን የሚቋቋም አረንጓዴ ኢኮኖሚ ስትራቴጂ ይህንኑ በቁጥር ያስቀምጠዋል። በስትራቴጂው ስሌት መሠረት የአገሪቱ ዓመታዊ ልቀት እ.ኤ.አ. በ2010 ወደ 150 ሚሊዮን ቶን የካርቦን ዳይኦክሳይድ አቻ (ማለትም ልዩ ልዩ በካይ ጋዞች በካርቦን ዳይኦክሳይድ ተመን ተሰልተው) የነበረ ሲሆን፣ ከዚህ ውስጥ ከ85 በመቶ በላይ የሚሆነው የመጣው ከግብርናና ከደን ነው። የኤሌክትሪክ ዘርፉ ድርሻ 3 በመቶ ገደማ ብቻ ነበር። በነባሩ መንገድ ከተቀጠለ ልቀቱ እ.ኤ.አ. በ2030 ወደ 400 ሚሊዮን ቶን እንደሚደርስ የተገመተ በመሆኑ፣ ስትራቴጂው በ150 ሚሊዮን ላይ ለማቆም አቀደ። ከደን ለሚወጣው ልቀት አንዱ ምክንያት ማገዶ ስለሆነ፣ ይህንን ያየ መርማሪ ወጥ ቤትን ከኢነርጂ ጥናቱ ውጭ ሊያደርግ አይችልም።

በተግባር እንዲህ ያድርጉ። በአንድ ወረቀት ላይ ምግብ ማብሰያ፣ ትራንስፖርት፣ ኢንዱስትሪና የኤሌክትሪክ ማመንጫ ብለው አራት መስመር ይጻፉ፤ በእያንዳንዱ ትይዩ ዛሬ የሚነደው ምን እንደሆነና ፖሊሲው በምን ሊተካው እንዳሰበ ያስፍሩ። ባዶ ሆኖ የሚቀር መስመር ካለ ከተሞሉት ይልቅ እሱ ይበልጥ ያስተምራል።

ፖሊሲው ከካርቦን ሌላ ምን ምክንያት አለው?

ዕድሜ ያላቸው የኢነርጂ ፖሊሲዎች የተወለዱት ካርቦንን በማሰብ ብቻ አይደለም። ዴንማርክ እ.ኤ.አ. በ1973 የነዳጅ ዋጋ ሲንር ከኢነርጂዋ ከዘጠኝ አሥረኛ በላይ የሚሆነው ከውጭ የሚገባ ነዳጅ ስለነበር፣ ወደ ነፋስ ያዞራት የአየር ንብረት ሥጋት ሳይሆን የነዳጅ ክፍያው ነው። ብራዚልም እ.ኤ.አ. በ1975 መኪኖቿን በሸንኮራ አገዳ አልኮል ማንቀሳቀስ የጀመረችው በዚያው ምክንያት ነው። ቤንዚንና ናፍጣ ሙሉ በሙሉ ከውጭ የምታስገባው ኢትዮጵያም የኤሌክትሪክ መኪኖችን ስትመርጥ ባለሥልጣናቱ ደጋግመው ያነሡት ጉዳይ የውጭ ምንዛሪ ነበር።

ይህ ነውር አይደለም፤ እንዲያውም ጥንካሬ ነው። ለካርቦን ብቻ የቆመ ፖሊሲ በጀት በጠበበበት ዓመት የመጀመሪያው ተቆራጭ ይሆናል፤ የገንዘብ ሚኒስቴርም የሚፈልገው ፖሊሲ ግን ሚኒስትሮች ቢቀያየሩም ይቀጥላል። ስለዚህ የአካባቢ ጥበቃ ባለሥልጣኑን ንግግር ካነበቡ በኋላ የበጀት ንግግሩንም ያንብቡ፤ ፖሊሲው በሁለቱም ውስጥ ከተነሣ እግር አለው ማለት ነው።

በዚሁ አጋጣሚ «በቅድመ ሁኔታ ላይ የተመሠረተ» የሚለውን ሐረግ በጥንቃቄ ይመልከቱ። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2021 ባሻሻለችው ብሔራዊ የልቀት ቅነሳ ቃሏ እስከ 2030 ድረስ ልቀቷን ሊደርስ ከሚችለው በ68.8 በመቶ ለመቀነስ ተስማምታለች፤ ከዚህ ውስጥ በራሷ አቅም የምትሸፍነው 14 በመቶ ሲሆን፣ ቀሪው ከውጭ በሚገኝ ድጋፍ ላይ የተመሠረተ ነው። በርዕሰ ዜናዎች ላይ የሚወጣው የመጀመሪያው ቁጥር ነው፤ የአገር ውስጥ መሥሪያ ቤቶችን መጠየቅ የሚቻለው ግን በሁለተኛው ነው።

ግቡን ከመሣሪያው ይለዩ

«የኤሌክትሪክ ተሽከርካሪዎችን ቁጥር እናሳድጋለን» የሚለው ግብ ነው። መሣሪያው ቀረጥ፣ ክልከላ፣ የጥራት ደረጃ፣ የመንግሥት ግንባታ ወይም ዋስትና ሊሆን ይችላል። እያንዳንዱ መሣሪያ የሚጻፍበት የሕግ ሰነድ አለው፤ መርማሪው ሊያገኘው የሚገባውም ያ ሰነድና በውስጡ ያለው ቁጥር ነው።

የኢትዮጵያን የኤሌክትሪክ መኪና ፖሊሲ እንይ። የገንዘብ ሚኒስቴር በ2014 ዓ.ም. ባወጣው ውሳኔ የኤሌክትሪክ ተሽከርካሪዎች ከተጨማሪ እሴት ታክስ፣ ከኤክሳይዝ ታክስና ከሱር ታክስ ነፃ ሆኑ። የጉምሩክ ቀረጡ ደግሞ ተገጣጥመው ለሚገቡት 15 በመቶ፣ በከፊል ለተበተኑት 5 በመቶ፣ ሙሉ በሙሉ ተበትነው ለሚገቡት ዜሮ ተደረገ። እነዚህ ሦስት ቁጥሮች ብዙ ነገር ይናገራሉ። ቀረጡ የተነደፈው ከመኪናው ይልቅ የመገጣጠሚያ ፋብሪካውን ወደ አገር ውስጥ ለመሳብ ነው፤ ስለዚህ ፖሊሲውን በገቡት መኪኖች ቁጥር ብቻ የሚለካ ሰው ግማሹን ስቷል። በጥር 2016 ዓ.ም. ደግሞ የትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ሚኒስቴር ኤሌክትሪክ ያልሆኑ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከሉን አስታወቀ። መጀመሪያ ዋጋ፣ ቀጥሎ ክልከላ መሆኑ ነው።

ኖርዌይ ግን ክልከላ አላወጣችም። የመጀመሪያውን የቀረጥ ነፃ ፈቃድ የሰጠችው እ.ኤ.አ. በ1990 ነው፤ በ2001 የተጨማሪ እሴት ታክሱን አነሣች፤ የቤንዚን መኪና ግብሯ ከፍተኛ ስለነበርም የኤሌክትሪክ መኪና ከእሱ ጋር በዋጋ ሊወዳደር ቻለ። ፓርላማው በ2017 ያስቀመጠው ግብ ከ2025 ጀምሮ የሚሸጡ አዳዲስ መኪኖች በሙሉ ልቀት አልባ እንዲሆኑ ነበር፤ በ2024 ከተሸጡት አሥር አዳዲስ መኪኖች ዘጠኙ ያህሉ ኤሌክትሪክ ሆነው ተገኙ። የኖርዌይም ኤሌክትሪክ እንደ ኢትዮጵያ ከሞላ ጎደል ሁሉም ከውሃ የሚመነጭ መሆኑ ንጽጽሩን ያሳምረዋል። ልዩነቱ ግን ጊዜውና ኪሱ ላይ ነው፤ ኖርዌይ ከሦስት አሥርት ዓመታት በላይና የራሷ የነዳጅ ገቢ ነበራት፤ ብዙው ባለ መኪናም በቤቱ ቻርጅ ያደርጋል።

ክልከላ ፈጣን መሣሪያ ነው፤ ዋጋውም የሚከፈለው በኋላ ነው። ስለዚህ ከማስታወቂያው በኋላ ወደ ጋራዥ ይሂዱ። ባትሪ መርምሮ የተበላሸውን ክፍል ለይቶ የሚቀይር ባለሙያ አለ ወይ? መለዋወጫው በስንት ሳምንት ይመጣል? ባትሪው የደከመ መኪና በስንት ይሸጣል? የአንድ ቴክኖሎጂ ተቀባይነት የሚወሰነው አዲስ ሲገዛ ባለው ዋጋ ብቻ ሳይሆን ሁለተኛው ገዢ በሚከፍለውም ዋጋ ነው፤ ይህንን ደግሞ ከማንኛውም ሪፖርት በተሻለ መኪና የሚያሻሽጡ ደላሎች ያውቁታል።

አንድ ነገር ደግሞ አይርሱ። ኢትዮጵያ ከቤንዚን ይልቅ የምታቃጥለው ናፍጣ ይበልጣል፤ ናፍጣውን የሚጠጡትም በአብዛኛው የጭነት መኪኖችና አውቶቡሶች ናቸው። ስለዚህ የአውቶሞቢል ክልከላው የሚነካው ትንሹን ክፍል ነው። ትልቁን ክፍል የሚመለከተው በኤሌክትሪክ የሚሠራውና በ2009 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ የተመረቀው የአዲስ አበባ–ጅቡቲ ባቡር ነው፤ ከወደቡ የሚመጣው ጭነት ምን ያህሉ ከመኪና ወደ ባቡሩ እንደዞረ መከታተል፣ አዲስ አበባ ውስጥ የሚታዩትን አዳዲስ መኪኖች ከመቁጠር የበለጠ መልስ ይሰጣል።

ፈጠራው ስንት ዓመቱ ነው?

ፖሊሲ የሚገናኘው ከፈጠራ ጋር ነው፤ ፈጠራ ደግሞ እንደ ሰው ዕድሜ አለው። ገና በእግሩ ያልቆመ ቴክኖሎጂ የሚያስፈልገው ምርምርና ሙከራ ነው፤ የጎለመሰው ደግሞ ገበያና መንገድ ይፈልጋል። ለአንዱ የሚሆነው እርዳታ ለሌላው ገንዘብ ማባከን ነው።

ይህንን ከዴንማርክ ታሪክ በተሻለ የሚያሳይ የለም። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ አጋማሽ ክርስቲያን ሪሳገር የተባለ አናጺ በጓሮው የነፋስ ማመንጫ ሠርቶ ከኤሌክትሪክ መስመር ጋር አገናኘ። በትቪንድ የሚገኝ ትምህርት ቤት መምህራንና በጎ ፈቃደኞች ደግሞ በ1978 ትልቅ ማመንጫ በእጃቸው አቆሙ። የእርሻ መሣሪያ ይሠሩ የነበሩ ድርጅቶችም ገቡበት፤ ዛሬ በዓለም የታወቀው ቬስታስ ከእነሱ አንዱ ነው። እስከዚህ ድረስ ነገሩ የአናጺና የብረት ሠራተኛ ጨዋታ ነበር። ልዩነቱን ያመጣው በሪሶ የምርምር ማዕከል በ1978 የተቋቋመው የመፈተሻ ጣቢያና በቀጣዩ ዓመት የወጣው ሕግ ነው። ሕጉ ማመንጫ ለሚገዛ ሰው ከወጪው 30 በመቶ እንዲሸፈንለት ሲፈቅድ አንድ አስገዳጅ ነገር ጨመረ፦ ድጎማው የሚሰጠው በሪሶ ተፈትሾ ለጸደቀ ማመንጫ ብቻ ነው።

በዚህች አንዲት አንቀጽ ላይ ቆም ማለት ያስፈልጋል። አምራቹ ገበያ ከፈለገ መፈተሽ ግድ ሆነበት፤ ፈታሹ መሐንዲስ የአንዱን ስህተት አይቶ ሌላው እንዳይደግመው መከረ፤ ገዢው ገበሬ ማመንጫው ሲነፍስ እንደማይገነጠል ዋስትና አገኘ። በተመሳሳይ ዘመን ጀርመን ግሮቪያን የሚባል 3 ሜጋ ዋት የሚያመነጭ ግዙፍ ማሽን በአንድ ጊዜ ለመሥራት ሞክራ ነበር፤ ማሽኑ ከጥቂት መቶ ሰዓታት ያልበለጠ ሠርቶ ፈረሰ። ዴንማርኮች ከትንሽ ተነሥተው እየፈተሹ በማሳደጋቸው እ.ኤ.አ. በ1991 በቪንደቢ 11 ማመንጫዎች ያሉትን በዓለም የመጀመሪያውን የባሕር ላይ የነፋስ ጣቢያ አቆሙ፤ ዛሬ ከአገሪቱ ኤሌክትሪክ ከግማሽ በላይ የሚሆነው ከነፋስ ነው።

የፀሐይ ኃይል ታሪክ ከዚህ ይለያል፤ ምክንያቱም አንድ አገር ብቻውን አልሠራውም። ለአገልግሎት የበቃው የመጀመሪያው የሲሊከን የፀሐይ ሴል እ.ኤ.አ. በ1954 በአሜሪካ ቤል ላቦራቶሪ ተሠራ፤ ጀርመን በ2000 ባወጣችው ሕግ ከፀሐይ ለሚመነጭ ኤሌክትሪክ ለ20 ዓመታት የተረጋገጠ ዋጋ በመክፈል ገበያውን ከፈተች፤ የቻይና ፋብሪካዎች ደግሞ ለዚያ ገበያ በብዛት አመረቱ፤ ከ2010 በኋላ ባሉት አሥር ዓመታት የፓኔል ዋጋ ወደ 90 በመቶ ገደማ ወረደ። የጀርመን ቤተሰቦች በኤሌክትሪክ ሂሳባቸው ላይ ለዓመታት የከፈሉት ጭማሪ ዛሬ በቦረናም ሆነ በአፋር ፓኔል የሚገዛውን ሰው ጠቅሟል።

ከዚህ የሚወጣው መመዘኛ ይህ ነው፤ ድሀ አገር ሌሎች ከፍለው ያረከሱትን ቴክኖሎጂ መግዛት ይገባታል፤ የምርምር ገንዘቧን ማዋል ያለባት ደግሞ ማንም ሌላ ሊሠራላት በማይችለው ነገር ላይ ነው። በእኔ ግምት ለኢትዮጵያ ያ ነገር ምጣድ ነው። የእንጀራ ምጣድን የትኛውም የውጭ ፋብሪካ አያሻሽለውም። ከሲሚንቶና ከቀላል የእሳተ ገሞራ ድንጋይ የሚሠራው ምርጥ ምድጃ ከሦስት ጉልቻ ጋር ሲነጻጸር ማገዶን እስከ ግማሽ መቀነሱ፣ የአገር ውስጥ ባለሙያዎች ሲሳተፉበት ምን ሊገኝ እንደሚችል ያሳያል። በየቤቱ ያለው የኤሌክትሪክ ምጣድ ግን በአብዛኛው ወፍራም ሸክላ ከሥሩ የማሞቂያ ሽቦ የተቀበረበት ነው፤ ሸክላው እስኪግል ረጅም ደቂቃ ይፈጃል፤ ከታች በደንብ ያልታፈነው ደግሞ ሙቀቱን ለወለሉ ይሰጣል። ሸክላውን ማሳሳት፣ ሥሩን ማፈን፣ ሙቀቱን የሚቆጣጠር ቴርሞስታት መግጠም ከባድ ሳይንስ አይደለም። የጎደለው ሪሶ ነው፤ የተፈተሸና የጸደቀ ምጣድ የሚገዛ ሰው ብቻ የሚጠቀምበት ድጎማ ወይም የቀረጥ ቅናሽ። የአንድን የኢነርጂ ፖሊሲ የፈጠራ ምዕራፍ ሲያነቡ እንዲህ ያለ አንቀጽ መኖሩን ይፈልጉ፤ «ፈጠራን እናበረታታለን» የሚለው ዓረፍተ ነገር ብቻውን ምንም አያበረታታም።

መስመሩ የተቋረጠበትን ቦታ ይፈልጉ

ማመንጫ ይመረቃል፤ ሪባን ይቆረጣል፤ ፎቶ ይነሣል። የማስተላለፊያ መስመር ሪባን የሚቆርጥ ግን ጥቂት ነው፤ ስለዚህ ይዘገያል። በኬንያ ቱርካና ሐይቅ አጠገብ 365 ማመንጫዎች ያሉት 310 ሜጋ ዋት የነፋስ ጣቢያ እ.ኤ.አ. በ2017 ተከላው ቢጠናቀቅም፣ ኤሌክትሪኩን ሱስዋ ወደሚገኘው ማከፋፈያ ጣቢያ የሚያደርሰው ከ400 ኪሎ ሜትር በላይ የሚረዝም መስመር ባለመድረሱ እስከ 2018 መጨረሻ አካባቢ ድረስ ነፋሱ በከንቱ ነፈሰ፤ ላልተረከቡት ኤሌክትሪክ ካሳ የከፈሉት ኬንያውያን ናቸው። በዚያው ሱስዋ የሚያልቅ ሌላ መስመር ደግሞ ተቃራኒውን ያሳያል፤ ከወላይታ ሶዶ የሚነሣውና ከ1,000 ኪሎ ሜትር በላይ የሚረዝመው የ500 ኪሎ ቮልት መስመር አስቀድሞ በመሠራቱ፣ ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. ከኅዳር 2022 ጀምሮ ለኬንያ ኤሌክትሪክ መሸጥ ችላለች።

ስለዚህ የአንድ ማመንጫ ዜና ሲወጣ ሦስት ጥያቄ ይጠይቁ፤ መስመሩ ተዋውሏል ወይ? የማከፋፈያ ጣቢያው የትኛው ነው? የሰፈሩ ትራንስፎርመር ይችለዋል ወይ? ሦስተኛው ጥያቄ ተራ ይመስላል፤ ሰው ግን ፖሊሲን የሚያውቀው በእሱ በኩል ነው።

ትንሹን ነገር በቅርብ እንየው። አዲስ አበባ ውስጥ አራትና አምስት ተከራይ ቤተሰብ በአንድ ቆጣሪ የሚጠቀምበት ግቢ ሞልቷል። የማውቀው አንድ ግቢ ውስጥ ሁለት ምጣድ በአንድ ጊዜ ከተሰካ ቆጣሪው ስለሚጥል፣ አከራይዋ የእንጀራ ቀን በተራ ደልድለዋል፤ ተራዋ ያለፈባት ሴት ወይ ከሱቅ ትገዛለች፣ ወይ ከሰል ታቀጣጥላለች። በዚህ ላይ የቤት ታሪፉ ፍጆታ በጨመረ ቁጥር በየደረጃው እየናረ የሚሄድ ነው፤ የመጀመሪያው 50 ኪሎ ዋት ሰዓት ርካሽ የሆነው ደግሞ ድሀውን ለመደገፍ ነው። ነገር ግን አራት ድሀ ቤተሰቦች እያንዳንዳቸው 50 ኪሎ ዋት ሰዓት ቢጠቀሙ ቆጣሪው የሚያየው 200 የሚጠቀም አንድ ባለጸጋ ነው። ድጎማው አለ፤ ለተባለለት ሰው ግን አልደረሰም። የታሪፍ ማሻሻያ ሲታወጅ ከዋጋው ጎን ለጎን የቆጣሪዎችን ብዛትና የአዲስ ቆጣሪ የመጠበቂያ ጊዜን ይጠይቁ።

ኪሳራው የማን እንደሆነ ይጠይቁ

የእንፋሎት ኃይል፣ ማለትም ከምድር ውስጥ ሙቀት የሚገኘው ኤሌክትሪክ (ጂኦተርማል)፣ ለዚህ ጥያቄ ጥሩ ማሳያ ነው። ጉድጓድ መቆፈር ሚሊዮኖች ዶላር ይፈጃል፤ ከሥሩ በቂ እንፋሎት ላይገኝም ይችላል፤ የግል ባለሀብት ደግሞ ባዶ ሊሆን ለሚችል ጉድጓድ ባንክ አያበድረውም። ኬንያ እ.ኤ.አ. በ2008 የጂኦተርማል ልማት ኩባንያ የተባለ የመንግሥት ድርጅት አቋቁማ ቁፋሮውን ራሷ ወሰደች፤ እንፋሎቱ ሲገኝ ማመንጫ የሚሠራው ሌላ ይሆናል። በ1981 በኦልካሪያ የተጀመረው ሥራም አድጎ ዛሬ ከኬንያ ኤሌክትሪክ 40 በመቶ ገደማ የሚሆነው ከምድር ሙቀት የሚገኝ ነው። በዚያው የስምጥ ሸለቆ ላይ ያለችው ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ1998 አሉቶ ላንጋኖ ላይ 7.3 ሜጋ ዋት የሙከራ ጣቢያ ተክላ፣ ጣቢያው በብልሽት ለዓመታት ቆመ። ድንጋዩ አንድ ነው፤ የተለየው ኪሳራውን ማን እንደሚሸከም ያስቀመጠው ሕግ ነው።

የውጭ ባለሀብትን በሚመለከት ውል ላይ ደግሞ ክፍያው በየትኛው ገንዘብ እንደሆነ ይመልከቱ። ኤሌክትሪኩ በብር ተሽጦ ባለሀብቱ በዶላር የሚከፈለው ከሆነ፣ በሐምሌ 2016 ዓ.ም. እንደሆነው የብር ምንዛሪ ለገበያ ሲለቀቅ ልዩነቱን የሚሸፍን ወገን በውሉ ላይ ተጽፎ መገኘት አለበት።

ሌላው አደጋ ራሱ መንግሥት ነው። ስፔን እ.ኤ.አ. በ2007 ለፀሐይ ኃይል እጅግ ለጋስ ዋጋ አውጃ በቀጣዩ ዓመት ብቻ ከታሰበው በብዙ እጥፍ የሚበልጥ ተከላ ተካሄደ፤ ወጪው ሲያስደነግጣት ከ2010 ጀምሮ የገባችውን ቃል ወደ ኋላ ተመልሳ ቆረጠች፤ ባለሀብቶችም ወደ ዓለም አቀፍ የግልግል ችሎት ወሰዷት። «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» የሚባለው ነው። ድጎማ ሲታወጅ መጠኑ በየዓመቱ የሚቀንስበት ቀመርና የተከላ ጣሪያ መኖሩን ይፈትሹ፤ ከሌለው ዕድሜው አጭር ነው።

በእጅ ያስሉ

ለዚህ ሥራ የስልክ ካልኩሌተር ይበቃል። መጀመሪያ ሜጋ ዋትን ከሜጋ ዋት ሰዓት ይለዩ፤ የፊተኛው ማሽኑ በአንድ ቅጽበት የሚችለው ነው፣ የኋለኛው ሠርቶ የሰጠው። በዓመት 8,760 ሰዓት አለ። ጳጉሜ 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው ታላቁ የኢትዮጵያ ሕዳሴ ግድብ 5,150 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም አለው፤ ያለ ማቋረጥ ቢሠራ በዓመት 45,000 ጊጋ ዋት ሰዓት ገደማ ይሰጥ ነበር፤ ይሰጣል ተብሎ የታቀደው ግን ወደ 15,700 ነው፤ ይኸውም ከአቅሙ 35 በመቶ ያህሉ መሆኑ ነው። ይህ ጉድለት አይደለም፤ የውሃ ማመንጫ የሚነደፈው ፍላጎት በሚበዛበት ሰዓት ብዙ እንዲሰጥ ነው። ነገር ግን ሜጋ ዋትን ብቻ የሚጠቅስ ዘገባ አንባቢውን ሦስት እጥፍ ያሳስተዋል። የአሸጎዳና የአዳማ የነፋስ ጣቢያዎችም በሜጋ ዋት ትንሽ ቢመስሉም፣ ነፋሱ የሚበረታው ግድቦች በሚጎድሉበት በበጋ ወራት በመሆኑ ዋጋቸው ከቁጥራቸው ይልቃል።

አሁን ወደ ምጣዱ እንመለስ። አንድ የኤሌክትሪክ ምጣድ 3.5 ኪሎ ዋት ይስባል እንበል። ለአንድ ሰዓት ተኩል ቢጋገርበት 5.25 ኪሎ ዋት ሰዓት ይፈጃል። አንድ የኤሌክትሪክ አውቶሞቢል በ100 ኪሎ ሜትር 15 ኪሎ ዋት ሰዓት ቢጠቀም፣ የአንድ ቀን እንጀራ ማለት 35 ኪሎ ሜትር መንዳት ነው። በሳምንት ሁለቴ የሚጋግር ቤት በወር ወደ 45 ኪሎ ዋት ሰዓት ለምጣድ ብቻ ያውላል፤ ርካሹ 50 ኪሎ ዋት ሰዓት መብራቱ ሳይበራ፣ ስልኩ ቻርጅ ሳይደረግ አለቀ ማለት ነው። አንድ ሚሊዮን ምጣድ በአንድ ሰዓት ቢሰካ ደግሞ 3,500 ሜጋ ዋት ይሆናል፤ ይህም የሕዳሴ ግድብ ማሽኖች በሙሉ ኃይላቸው ከሚሰጡት ሁለት ሦስተኛ ያህሉ ነው። ስለዚህ ምጣዱን በአንድ አራተኛ ማሻሻል ወይም የመጋገሪያ ሰዓቱን በታሪፍ ማዘዋወር ከአንድ አዲስ ማመንጫ ጋር ሊተካከል ይችላል፤ እንዲህ ያለ ስሌት ግን በኢነርጂ ዜናዎች ውስጥ ብዙም አይታይም።

ያገኙትን በአንድ ገጽ ይጻፉ

ምርመራው ሲያልቅ ውጤቱን ከአንድ ገጽ አያስበልጡት። ከላይ ፖሊሲው የሚነካውን መስመር ከአራቱ መካከል ይጻፉ። ቀጥሎ መሣሪያውን ከሕጉ ቁጥርና ከቀረጡ መጠን ጋር፣ ከዚያ ቴክኖሎጂው በአገር ውስጥ የሚሠራ ወይም ከውጭ የሚገዛ መሆኑን፣ ከዚያ የጎደለውን መስመር፣ ቆጣሪ ወይም ጋራዥ፣ በመጨረሻም ኪሳራው የሚወድቅበትን ወገን ያስፍሩ። ያላገኙት ቁጥር ካለ ግምት አይሙሉበት፤ ቦታውን ባዶ ትተው የትኛው መሥሪያ ቤት ሊሰጥ እንደሚገባ ይጻፉበት።

ከገጹ ግርጌ የሚመለሱበትን ቀን ይመዝግቡ፤ ለቀረጥ ለውጥ ስድስት ወር፣ ለመስመር ግንባታ ሁለት ዓመት ይበቃል። በዚያ ቀን ሲመለሱ ከሚኒስቴሩ በፊት ያንን ግቢ ይጎብኙ፤ አከራይዋ የእንጀራ ተራውን ዛሬም እየደለደሉ እንደሆነ ይጠይቋቸው።